ማሳሰቢያ፦ የዛፍ ሥር ለመቁረጥ ጉልበተኛ የሞተር መጋዝ ለምትፈልጉ ሁሉ

የዛፍ ሥር ለመቁረጥ ጉልበተኛ የሞተር መጋዝ ፍለጋ ገበያ የወጣችሁ፣ ወይም ለመውጣት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የሞተር መጋዝ አፈር ውስጥ ገብቶ ሥር እንዲቆርጥ የተሠራ መሣሪያ አይደለም። በእርግጥ ሥር በእሱ መቁረጥ ይቻላል፤ የሚቻለው ግን ዙሪያው ተቆፍሮ፣ ሥሩ ተራቁቶና ጭቃው ታጥቦ ሲያበቃ ነው። አፈር ውስጥ እንዳለ ልቁረጠው የሚል ሰው መጀመሪያ ሰንሰለቱን ያጣል፣ ቀጥሎ ሞተሩን፣ ክፉ ቀን ከገጠመው ደግሞ እግሩን ወይም ፊቱን። የመጋዙ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ጉዳቱም አብሮ ይከፋል።

ጉዳዩ አገራችን ውስጥ የብዙ ሰው ጉዳይ የሆነው በባህር ዛፍ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በማገዶና በቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት በተጨነቀች ጊዜ የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ፣ ዛሬ ከከተማ አጥር ጥግ እስከ ገጠር ማሳ ዳር ያልቆመበት ቦታ የለም። ግንዱን የሚገዛ ሞልቷል፤ ቆርጦና ጭኖ ይሄዳል። ጉቶው ግን ለባለቤቱ ይቀራል። መሠረት የሚያስቆፍር፣ የአጥር ግንቡ የተሰነጠቀበት፣ ሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ሥር የገባበት፣ የባህር ዛፍ መሬቱን መልሶ ለእህል ማድረግ የፈለገ ገበሬ፣ ሁሉም የሚታገለው ከዚሁ ጉቶ ጋር ነው። ቀድሞ በዶማ፣ በድጅኖና በመጥረቢያ ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነበር። አሁን ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ «ሥር የሚቆርጥ፣ ጉልበተኛው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም ከመደርደሪያው ትልቁን ያወርድለታል። ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ሠራተኛው ልብስ አንድም ቃል ሳይነሳ ገበያው ያልቃል።

ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚቆርጥ ያወቀ ሰው ለምን አፈር እንደማይወድ ለመረዳት አይቸገርም። ዛሬ የምንጠቀምበትን የሰንሰለት ዓይነት ያወጣው ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ የእንጨት ጥንዚዛ እጭ ጠንካራ ግንድ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቀች ስትቦረቡር አይቶ፣ የሰንሰለቱን ጥርሶች በዚያው መልክ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አድርጎ ሠራቸው። እያንዳንዱ ጥርስ እንጨቱን በስለቱ ይልጣል፤ ከፊቱ ያለችው ትንሽ ጉብታ ደግሞ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚነክስ ትወስናለች። በስለቱና በጉብታዋ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በብዙ ሰንሰለቶች ላይ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመጋዙ የመቁረጥ ችሎታ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ቀጭን ልክና በስለቱ ጫፍ ላይ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሮጣል፤ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ ስለት አሸዋ ሲነካ ይበላል። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ላይ 7ኛው ነው፤ የጠነከረ ብረት ደግሞ 6.5 አካባቢ። ብረቱ ተሸናፊ ነው። ጠጠር ከሆነማ አንድ ሰከንድ ይበቃል።

ሥር ደግሞ ከግንድ በተለየ አፈሩን ይዞ ነው የሚያድገው። ጠጠሩን በቅርፊቱ ያቅፋል፤ ድንጋይ ሲገጥመው ዙሪያውን ተጠምጥሞ ውስጡ ያስቀረዋል። ከተማ ውስጥ የቆየ ዛፍ ከሆነ ሚስማር፣ የአጥር ሽቦ፣ የብሎኬት ስባሪም ውጦ ይገኛል። ዋልካ አፈር ላይ የበቀለ ከሆነ ጭቃው ከቅርፊቱ ጋር ስለሚጣበቅ ውስጡ ያለው ጠጠር በዓይን አይታይም።

ሰንሰለቱ መዶልዶሙን ለማወቅ የሚወጣውን ሰጋቱራ ማየት ነው። ስል ሰንሰለት ወፍራምና ረዘም ያለ ልጣጭ ይተፋል፤ የዶለዶመ ግን ደቃቅ ብናኝ ያወጣል፣ እንጨቱም ይጨሳል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጋዙ አልቆርጥ ሲለው ሰውየው ሞረድ አያነሳም፤ በክንዱ ይጫነዋል። ሰንሰለቱ ይግላል፣ ይላላል፣ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) ይቃጠላል፣ ፍሪሲዮኑ ይበላል። ክብደቱን ጥሎ የሚጫን ሰው ሥሩ ድንገት ሲለቅ ራሱን መግታት አይችልም፤ ከመጋዙ ጋር ወደፊት ይሄዳል። ሰዎች «ትልቅ ሞተር ቢሆን ኖሮ» የሚሉት በዚህ ሰዓት ነው። ለዶለዶመ ሰንሰለት ግን የሞተር መጠን አይፈይድለትም። ስል ሰንሰለት የገጠመ 50 ሲሲ መጋዝ፣ የዶለዶመ ሰንሰለት ከገጠመው 70 ሲሲ መጋዝ የተሻለ ይቆርጣል።

ከሁሉም በላይ እንድትፈሩት የምለምናችሁ የመጋዙን የመልስ ምት ነው። የባሩ አፍንጫ የላይኛው ግማሽ አንድ ጠንካራ ነገር በነካ ጊዜ ሰንሰለቱ መንከስ ያቅተውና የሞተሩ ኃይል በሙሉ ባሩን ወደ ላይና ወደ ያዘው ሰው ይወረውረዋል። ይህ የሚሆነው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሰው ደንግጦ እጁን ለማንቀሳቀስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድበት «ሲመጣ እርቃለሁ» የሚባል ነገር የለም። የሚመታው ፊት፣ አንገት ወይም ትከሻ ነው። አሁን ይህን አስባችሁ ጉቶ ጉድጓድ ውስጥ የገባን ሰው ተመልከቱ። የባሩ አፍንጫ አፈር ውስጥ ተደብቋል፤ ከሚቆርጠው ሥር ኋላ ሌላ ሥር ይኑር ድንጋይ አያየውም። ተንበርክኳል ወይም ጎንበስ ብሏል፤ ፊቱ በቀጥታ ከባሩ በላይ ነው። ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ቦታ የለውም፤ ጀርባው የጉድጓዱን ግድግዳ ነክቷል። የመልስ ምት እንዲመጣ የሚያደርገው ሁሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተሟልቷል ማለት ነው። ሞተሩ በበረታ መጠን ደግሞ ምቱ ይበረታል።

ስለዚህ መጋዝ የምትገዙ ከሆነ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ፍሬኑን እዩ። ከፊት እጀታው ፊት ለፊት የቆመው የእጅ መከለያ፣ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱን ወዲያው የሚያቆም መሆን አለበት፤ በደንብ የተሠሩት መጋዞች ላይ በእጅ ባይነካም በምቱ ግፊት ብቻ ይሠራል። ሱቁ ውስጥ አስነሥተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ገበያ ላይ ሞተራቸው ትልቅ ሆኖ ይህ ፍሬን ጨርሶ የሌላቸው የቆዩ ሞዴሎችና የእነሱ ቅጂዎች አሉ። ከ100 ሲሲ በላይ ሆኖ ፍሬን የሌለው መጋዝ በማንኛውም ዋጋ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ በነጻም ቢሆን። የሰንሰለት መያዣውን (ሰንሰለት ቢበጠስ የሚይዘውን)፣ ሳይታሰብ ጋዝ እንዳይሰጥ የሚያግደውን ቁልፍ፣ ንዝረት የሚቀንሱትን ስፕሪንጎች ወይም ጎማዎች ተመልከቱ። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው፤ እነዚህን ሁሉ አሟልቶ መሥራት ግን ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቅጂው የሚያጎድለውም እዚሁ ላይ ነው።

ጉልበቱንም ቢሆን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው አትመኑ፤ የሚያታልል ሰው ባይኖር እንኳ። የተጻፈው ኃይል በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር የሚሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ኃይሉን ስለሚያጣ፣ እዚህ ሲደርስ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ የለም። ካርቶኑ 3.9 ኪሎ ዋት ያለው መጋዝ እንጦጦ ግርጌ 3 አካባቢ ነው የሚሰጣችሁ። ካርቡሬተሩም ለስሱ አየር ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሰዎችም «ደካማ ነው» ብለው ይመልሱታል። የከፋው ተቃራኒው ነው። ደጋ ላይ ተስተካክሎ በደንብ ሲሠራ የነበረን መጋዝ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጋምቤላ ይዞ የወረደ ሰው ካርቡሬተሩን እንደገና ካላስተካከለ፣ ቤንዚኑና አብሮት ያለው ዘይት ያንሰውና ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሞተሩ ያበቃለታል። አንዳንድ አዳዲስ መጋዞች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ስትገዙ ጠይቁ። የቤንዚንና የዘይት ድብልቁን መመሪያው ያዘዘውን ብቻ አድርጉ፦ 50 ለ1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት። የሰንሰለቱ ዘይት ለብቻው ነው። እዚያ ውስጥ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ ያ ዘይት ለካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮች ያሉበት ሲሆን ሰንሰለቱ ወደ ሠራተኛው ልብስና ቆዳ ይረጨዋል።

ታዲያ ለሥር የሚሆነው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ለአንድ ግቢ ጉቶ ከ50 እስከ 60 ሲሲ በቂ ነው፤ ባሩ ደግሞ አጭር ይሁን፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ረጅም ባር ለግንድ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አፍንጫው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይነካል። ሰንሰለቱ የጥርሱ ማዕዘን ሹል የሆነው ዓይነት ሳይሆን ማዕዘኑ ጠጋጋ ያለው ይሁን። ሹሉ ንጹሕ እንጨት ላይ ፈጣን ነው፤ አቧራ ሲነካው ግን ወዲያው ይሞታል። ጠጋጋው በዝግታ ይቆርጣል፣ ስለቱ ግን ይቆያል። ጥርሱ ላይ ካርባይድ የተበየደበት ሰንሰለትም አለ፤ ለቆሻሻ እንጨት የተሠራ ነው፣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ በተራ ሞረድም አይሳልም። እሱም ቢሆን አፈር እንዲቆፍርበት አልተሠራም። ትርፍ ሰንሰለትና ልኩን የጠበቀ ክብ ሞረድ ከመጋዙ ጋር አብራችሁ ግዙ። መለዋወጫው አገር ውስጥ የማይገኝ መጋዝ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ተዉት።

አሁን ስለ ሥራው። ጉቶውን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፦ ባህር ዛፍ በአብዛኛው እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከጉቶው ነው፤ ርቀው ከሄዱት ሥሮች አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሥር እስከ ጎረቤት ግቢ ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው። ከጉቶው አጠገብ የሚወጡትን ዋና ዋና ሥሮች ቆርጣችሁ ጉቶውን ከነቀላችሁ፣ ርቀው ያሉት መሬት ውስጥ ይበሰብሳሉ። መሬቱን ለግንባታ ካልፈለጋችሁት ደግሞ ጭራሽ አትንቀሉት፤ ከመሬት እኩል አስቆርጡት፣ ቅርፊቱን ከአፈሩ በታች ድረስ ላጡት፣ ቡቃያ ባወጣ ቁጥር ቀንጥቡት፤ አቅሙ እየተሟጠጠ ይሞታል። ጊዜ ይወስዳል፣ ሰው ግን አይጎዳም።

መንቀል ግድ ከሆነ ዋናው ሥራ ቁፋሮው ነው። የዛፍ ሥር አብዛኛው ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሚገኝ ዶማና ድጅኖ ከሚታሰበው በላይ ይደርሱበታል። በእያንዳንዱ ወፍራም ሥር ዙሪያ፣ ከሥሩም ከታች ጭምር፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ እስኪኖር ቆፍሩ። ጉድጓዱንም ሰፋ አድርጉት፤ ሠራተኛው ሁለት እግሩን ከፈት አድርጎ የሚቆምበት፣ ቢያስፈልግም አንድ እርምጃ የሚያፈገፍግበት ቦታ ይኑር። ከዚያ ሥሩን በውኃ እጠቡት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፤ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ላጡት፣ ጠጠሩ ያለው እዚያ ነውና። ክንድ የማያህሉትን ሥሮች በመጥረቢያ ወይም በእጅ መጋዝ ጨርሷቸው። በባትሪ የሚሠራው ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ የእጅ መጋዝም ለዚህ ሥራ ከሰንሰለት መጋዝ ይሻላል፦ ስለቱ ርካሽ ነው፣ ቢበላሽ ትቀይሩታላችሁ፣ ፊት ላይም አይዘልም። ለሞተር መጋዙ የሚቀሩት ጥቂት ወፍራም ሥሮች ብቻ መሆን አለባቸው። እነሱንም ሲቆርጥ ሠራተኛው ሥሩ በየት በኩል እንደተወጠረ ማየት አለበት። ጉቶውን በቲርፎር (በእጅ በሚሠራ የካቦ መሳቢያ) ወይም በትራክተር እየሳቡ ጎን ለጎን መቁረጥ በፍጹም አይፈቀድ፤ የተወጠረ ሥር ሲበጠስ ሰው ይሰብራል። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የሞተሩ ጭስ መሬት መሬቱን ስለሚከማችም ሠራተኛው ራሱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያው ወጥቶ ንጹሕ አየር ያግኝ።

ዛፉ ገና የቆመ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አጥሬን ሰነጠቀብኝ ብሎ በአንድ በኩል ያሉትን ሥሮች የሚቆርጥ ሰው ዛፉን የያዘውን መልሕቅ እየቆረጠ ነው። ከግንዱ አጠገብ ያሉት ወፍራም ሥሮች ዛፉን አቁመው የያዙ ናቸው፤ እነሱ ከተቆረጡ ዛፉ ያን ቀን ላይወድቅ ይችላል። የሚወድቀው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አፈሩ ሲርስና ነፋስ ሲነሣ፣ ምናልባትም ሌሊት፣ ምናልባትም ጎረቤት ቤት ላይ ነው። የብሪታንያው የግንባታ ደንብ ቢኤስ 5837 በግንባታ ጊዜ ሥሩ እንዳይነካ የሚከልለው ቦታ ከግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ በሚሆን ርቀት ዙሪያውን ነው፤ ግንዱ ግማሽ ሜትር ቢወፍር 6 ሜትር ማለት ነው። እኛ ጠባብ ግቢ ውስጥ ያን ያህል መራቅ ባንችልም፣ ከግንዱ አጠገብ ወፍራም ሥር ቆርጦ ዛፉን አቁሞ መተው ግን የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። ሥሩ የግድ መቆረጥ ካለበት ዛፉ ቀድሞ ይውረድ። በከተማ ያላችሁ ደግሞ ከመቁረጣችሁ በፊት ወረዳችሁን ስለ ፈቃዱ ጠይቁ።

ነፋስ ከነሥሩ የገነደሰው ዛፍ ለብቻው ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ግንዱ ወድቆ ሥሩ ከነአፈሩ እንደ ግድግዳ ተገትሮ፣ ከኋላው ጉድጓድ ተከፍቶ ታዩታላችሁ። ያን የተገተረ ሥር የያዘው የግንዱ ክብደት ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ቶኖች የሚመዝነው ሥርና አፈር በአንድ ቅጽበት ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ሕፃናት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መግባትና መደበቅ ይወዳሉ። ግንዱ ከመቆረጡ በፊት አንድ አዋቂ ሰው ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ማንም እንዳይጠጋ ይጠብቅ፤ ቆራጩም ከሥሩ ጎን እንጂ ከፊቱም ከኋላውም አይቁም፣ ከተቻለም ሥሩ ቀድሞ በገመድ ወይም በካቦ ይታሰር።

ከአፈር በታች ያለውንም አስቡ። የከተማ ዛፍ ሥር የውኃ ቧንቧ ተከትሎ ይሄዳል፤ እርጥበት ያለው እዚያ ነውና። የቤታችሁ የ220 ቮልት ገመድ በቧንቧ ውስጥ ወይም በቀጥታ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ከአጥር ውጭ ደግሞ የ15 ኪሎ ቮልት መስመርና የስልክ ኬብል ሊያልፍ ይችላል። በጭቃ የተሸፈነ ኬብል ከቀጭን ሥር አይለይም። ሰንሰለቱ ከነካው የሚሞተው መጋዙን የያዘው ሰው ነው። ቤቱን የሠራውን፣ ቧንቧውን የዘረጋውን ሰው ጠይቁ፤ ከአጥር ውጭ ከሆነ ለውኃና ፍሳሽ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎትና ለኢትዮ ቴሌኮም ቅርንጫፍ ሳታሳውቁ አትቆፍሩ። የግቢውን መብራት ከቆጣሪው አጥፍታችሁ ሥሩ። አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ጓሮአችሁን ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፤ የመሬት ውስጥ መስመሮች ያለ ክፍያ ምልክት ይደረግባቸዋል።

አብዛኞቻችን መጋዙን በራሳችን እጅ አንይዘውም። መጋዙን በትከሻው አንግቦ የሚመጣ ወጣት እንጠራለን፣ በጉቶ ቁጥር እንዋዋላለን። የሚመጣውም በነጠላ ጫማ፣ በስስ ሱሪ፣ ያለ መነጽር ነው። «ችግር የለውም ጋሼ፣ ለምጄዋለሁ» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ለምዶታል፤ ሰንሰለቱ ግን የለመደውንና ያልለመደውን አይለይም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው እዚያ አገር በየዓመቱ 36,000 ያህል ሰዎች በሞተር መጋዝ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ። ይህ የመከላከያ ልብስ በየሱቁ የሚሸጥበት፣ አምቡላንስ ቶሎ የሚደርስበት አገር ነው። እዚህ እግሩን ያጣ የቀን ሠራተኛ ደመወዝም ካሳም የለውም፤ የሚያስተዳድራቸው እናትና ታናናሾች ግን አሉት። ግቢያችሁ ውስጥ በእናንተ ሥራ ላይ ሲጎዳ «ራሱ ነው ያመጣው» ማለት አይገባም። የምትከፍሉት ዋጋ ላይ ቦት ጫማ፣ የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና ሄልሜት ጨምሩ፤ የመጋዝ ድምፅ 110 ዴሲቤል ስለሚደርስ ጆሮ ያደነቁራል።

ሱሪውን በተለይ አትርሱ። ለሞተር መጋዝ የሚሠራ የመከላከያ ሱሪ አለ፤ ውስጡ በረጃጅም ጭረቶች የተሞላ ነው። ሰንሰለቱ ሲነካው ጭረቶቹ ተጎትተው ወጥተው ጥርሱን ይጠመጥሙትና ሞተሩን ያቆሙታል። አንደኛው ደረጃ የሚፈተነው በሰከንድ 20 ሜትር በሚሮጥ ሰንሰለት ነው፤ ሁለተኛው 24፣ ሦስተኛው 28። ጂንስ ሱሪ ይህን አይሠራም፣ ድርብ ሱሪም አይሠራም። ገበያችን ላይ በቀላሉ ስለማይገኝ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ «መጋዝ አምጣልኝ» ከማለታችሁ በፊት ሱሪውን እዘዙ። መጋዝ አከራዮችና የአናጢ ማኅበራትም አንድ ሱሪ ገዝታችሁ ከመጋዙ ጋር አብራችሁ ብታከራዩ ስንት እግር ታተርፋላችሁ።

ሥራው ሲጀመር ልጆችና ተመልካቾች ቢያንስ አሥር እርምጃ ይራቁ፤ ሰንሰለቱ የሚወረውረው ጠጠር ዓይን ያወጣል። ሠራተኛው ብቻውን አይሥራ። ቤንዚን ሲሞላ ሞተሩ ይጥፋና ይቀዝቅዝ፣ ሲጋራም አይኑር። ደክሞት ከሆነ፣ አረቄ ወይም ጠላ ቀምሶ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ሥራ ይቅር፤ ጉቶው ነገም እዚያው ነው።

አደጋ ከደረሰ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ፣ ጨርቅ ከሌለ በእጅ፣ በኃይል ተጫኑት፤ አትልቀቁት፣ እያነሣችሁም አትዩት። ከእጅ ወይም ከእግር እየፈነጠቀ የሚወጣ ደም በመጫን ካልቆመ ከቁስሉ በላይ፣ ወደ ሰውነቱ በኩል፣ ሰፊ በሆነ ጨርቅ ወይም ቀበቶ አጥብቃችሁ እሰሩና የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ። ቡና፣ አመድ ወይም አፈር ቁስል ላይ አትነስንሱ። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 ነው፤ በሌላ ከተማ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ። መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ይመዝግብ፤ አደጋ ቢደርስ ተጎጂውን ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪናም ማን ጋ እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።